ውሻው የጠጣው ወተት

ልጄ ከታመመች ወዲህ ሰው ሲያስነጥስ "ይማርህ" ማለት ትቻለሁ። መጀመሪያ የማየው እጁን ነው። አፉን የሸፈነበት እጅ ቀጥሎ የት እንደሚያርፍ እከታተላለሁ፤ የታክሲው ወንበር ላይ ነው፣ የሱቁ ዳቦ ላይ ነው፣ ወይስ የልጄ ጉንጭ ላይ። ሰው ሁሉ ልጅ ሲያይ ጉንጭ መንካት ይወዳል።

አምስት ዓመቷ ነው። የደም ካንሰር ነው ያሉን። ያኔ ሰበታ ክር ፋብሪካ እሠራ ነበር፤ ሥራውን ተውኩት። ባለቤቴ ሱሉልታ ግንባታ ላይ ነው፤ እዚያው እያደረ ቅዳሜ ማታ ይመጣል፣ ሰኞ ጠዋት ይሄዳል። የምንኖረው ቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ፣ በአንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ባለች አንድ ክፍል ነው። ሁለታችንም ከደቡብ የመጣን ነን፤ እዚህ ዘመድ የለንም። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ሰው ፊት መናገርም ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆንልኝም። የተሳሳትኩት ባለመማሬ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ባለመናገሬ ነው።

ከሆስፒታል ለመጀመሪያ ጊዜ ልንወጣ ስንል ሲስተሯ እናቶችን ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር አስቀምጣ አስተማረችን። ኬሞ የሚባለው መድኃኒት በሽታውን ሲገድል ነጩን የደም ሴል አብሮ ያወርደዋል፤ ነጩ ደም ደግሞ የሰውነት ዘበኛ ነው፤ ዘበኛው በሌለበት ሳምንት ለእኛ ተራ ጉንፋን የሆነው ነገር ለልጆቹ ሞት ሊሆን ይችላል አለች። ሞት የሚለውን ቃል ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው፤ ልጆቹ አጠገባችን ነበሩ። ከዚያ ዘረዘረችልን። ውሃ ይፈላ፣ ወተት ይፈላ። ጥሬ ሥጋ፣ ሰላጣ፣ ከገበያ የመጣ እርጎና አይብ አይነካ። ሙዝና ብርቱካን እናንተው በታጠበ እጅ ላጡላቸው። ያደረ ምግብ አይሰጥ። ጉንፋን የያዘው ሰው አይጠይቃቸው፣ ማንም አይሳማቸው። ትኩሳታቸው ሠላሳ ስምንት ከደረሰ ምንም ሳትሰጡ፣ ነገ ይተዋቸዋል ሳትሉ፣ ያኔውኑ ኑ። ይህንኑ የያዘ ወረቀትም ሰጠችን።

"ጥያቄ ያላችሁ?" አለች በመጨረሻ።

አንዷ እናት ስለ ማር ጠየቀች፣ ሌላዋ ስለ ጠበል። እኔም ጥያቄ ነበረኝ። የልጄ አፍ ከመድኃኒቱ የተነሳ ቆስሎ ማኘክ አቅቷት ነበር። ሐኪሙ ደግሞ ሥጋና እንቁላል ትብላ ብሏል። ታዲያ በምን ታኝከው? ጥያቄውን በልቤ ሁለት ጊዜ ደረደርኩት። ሦስተኛው ላይ ሲስተሯ ወረቀቷን ሰብስባ ተነሳች።

ቤት ስገባ መልሱን ለራሴ ሰጠሁ። እናቴ ለታናናሾቼ ታደርግ የነበረውን አደረግኩ። እጄን እስከ ክንዴ በሳሙና ታጥቤ፣ የተቀቀለውን ሥጋ አላምጬ፣ ሲለሰልስ በጣቴ ጫፍ አጎርሳታለሁ። እሷም ቁስሏን ሳይነካባት ትውጠዋለች። አምስት ጉርሻ የገባላት ቀን ለእኔ የተሳካ ቀን ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ወደ ሰው አዞርኩ።

የፈላው ውሃ የሚቀመጥበትን ጀሪካን ክዳን ከፋብሪካ በቀረኝ ቀይ ክር አሰርኩት። ሰው ፈትቶ መልሶ ቢያስረው የእኔን አስተሳሰር አውቀዋለሁ። ሳሙናችን ላይ በጥፍሬ ምልክት አደርጋለሁ። ከቦኖ ውሃ ቀድቼ ስመለስ መጀመሪያ ክሩን፣ ቀጥሎ ሳሙናውን፣ ከዚያ ልጄን አያለሁ።

ጠያቂው ብዙ ነበር። በሽተኛ አለመጠየቅ ነውር ነው፤ ባዶ እጅ መምጣትም ነውር ነው። የጸሎት ቡድናችን ሴቶች ዳቦና ብርቱካን ይዘው ይመጣሉ፤ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው መጸለይ ይፈልጋሉ። ፀጉሯ አልቋል፤ ቆዳዋ ስስ ነው። እጃችሁን ታጠቡ ማለት ነበረብኝ። በሩ ላይ ቆሜ "ተኝታለች" እላለሁ። እነሱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እዚያው በሩ ላይ ይጸልያሉ። ልጄ ከመጋረጃው ጀርባ አፏን በእጇ አፍና ትስቃለች፤ ጨዋታ መስሏት። ዳቦውን ከቤቱ ጀርባ ለአከራያችን ውሻ እሰጠዋለሁ።

ከሁሉም የከበዱኝ ግን አከራያችን ራሳቸው ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሁለት ላም ያላቸው፣ ግቢውን በድምፃቸው የሚያዙ ሴት ናቸው። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ይናገራሉ። በየጠዋቱ "አካም ቡልቴ፣ ኢንታሎ?" ብለው በሬን ሳያንኳኩ ይከፍታሉ፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። በእጃቸው አንድ ጆግ ወተት አለ። አሁን የታለበ ነው፤ አረፋው እንኳ አልጠፋም።

"ሳይቀዘቅዝ ስጫት" ይላሉ። "እንዳታፈዪው። ወተት ሲፈላ ይሞታል።"

በሁለት እጄ እቀበላለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ እማማ እላለሁ። አፍልቼ ልሰጣት እችል ነበር፤ የሲስተሯም ወረቀት የሚለው ይህንኑ ነው። ግን እሳቸው ያስሉ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ አፋቸውን በጠረጉበት የነጠላ ጫፍ የጆጉን ከንፈር ሲወለውሉት አየሁ። ከዚያ ወዲያ ወተቱ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢንተከተክም አላምነውም። ከቤቱ ጀርባ ባስቀመጥኩት አሮጌ መጥበሻ ላይ ለውሻው እገለብጥለታለሁ። ጆጉን አጥቤ እመልሳለሁ።

"ጠጣችው?" ይሉኛል።

"ጠጣችው" እላለሁ።

ያጋለጠኝ ውሻው ነው። በአንድ ወር ውስጥ ወፈረ፣ ፀጉሩ አብረቀረቀ። የወተት ሰዓት ሲደርስ ከእሳቸው ደጅ ተነስቶ እኔ ደጅ መጥቶ ይቀመጣል። አንድ ጠዋት አከራያችን እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩት።

"ይሄ ውሻ ክፍል ተከራየ እንዴ?" አሉ።

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ዞረው ወደ ቤቱ ጀርባ ሄዱ። መጥበሻው እዚያ እንዳለ፣ ጠርዙ ላይ ወተት እንደ ደረቀበት አውቃለሁ። ሲመለሱ ምንም ሳይሉኝ ቤታቸው ገቡ። በማግስቱ ወተት አልመጣም፤ በሦስተኛውም ቀን አልመጣም።

ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ነገር ግን እንደዚያ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው ዝም ሲል እፈራለሁ። ምን እያሰቡ ነው? የሁለት ላም ወተት የት እየሄደ ነው?

በሳምንቱ ከቦኖ ስመለስ ክሩ እንዳለ ነው፣ ሳሙናው እንዳለ ነው። የልጄ የላይኛው ከንፈር ላይ ግን ቀጭን ነጭ መስመር አየሁ። ጎንበስ ብዬ አሸተትኳት። ወተት ወተት ትላለች።

"ምን ጠጣሽ?"

"ምንም" አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። በሩ ላይ ቆማ "ተኝታለች" የምትል እናት ናት ያሳደገቻት።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ወደ አከራያችን ቤት ሄጄ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አሥር እርምጃ አይሞላም። ቅዳሜ እስኪመጣ ጠብቄ ለባለቤቴ ነገርኩት። እየደበቁ ያጠጧታል፣ ጥሬ ወተት ነው፣ ይገድሏታል አልኩት። እሱ ጫማውን እየፈታ ነበር። ቀና ሳይል "እሳቸው ክፉ ሴት አይደሉም" አለ። ወደ ሌላኛው ጫማ ዞረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቆጣ ነበር፣ ቢያንስ ይደነግጥ ነበር። ያን ማታ እሱንም ጠረጠርኩት። የሆነ ነገር ያውቃል፤ ከእኔ ደብቋል።

ሰኞ ጓጉንቸር ገዛሁ። ውሃ ልቀዳ ስወጣ ልጄን ከውጭ ቆልፌባት መሄድ ጀመርኩ። በዚያው ሳምንት የመንጋጋ ጥርሴ ያመኝ ጀምሮ ነበር፤ ጉንጬ አብጦ በሻሽ አስሬዋለሁ። የእሷን ምግብ በሌላኛው ጎን አላምጣለሁ። ስለ ራሴ ህመም የማስብበት ጊዜ አልነበረኝም።

ማክሰኞ ጀሪካን አዝዬ ስመለስ አከራያችን በሬ ላይ ቆመው ቁልፉን ያያሉ።

"ይሄ ጓጉንቸር ለሌባ ነው ለእኔ?" አሉኝ።

ጀሪካኑን ጀርባዬ ላይ አስተካከልኩ።

"ቡዳ መስዬሽ ነው?"

ድምፃቸው ያን ያህል ዝቅ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። አይደለም ማለት ነበረብኝ። እንዲህ ያለ ነገር በልቤ አልነበረም፤ የጠረጠርኩት እጃቸውንና ሳላቸውን ነው፣ ዓይናቸውን ጠርጥሬ አላውቅም። ግን ጀሪካኑን አወረድኩ፣ በሩን ከፈትኩ፣ ገባሁ። ከኋላዬ እስኪሄዱ ድረስ ብዙ ቆዩ።

ሐሙስ ጠዋት ልጄ ቁርሷን እምቢ አለች። ግንባሯን ስነካው እጄን ሰበሰብኩ። ቴርሞሜትሩን ብብቷ ሥር አደረግኩት። ሠላሳ ስምንት ከስድስት። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ኬሞ ከወሰደች ዘጠኝ ቀን ሆኗታል፤ ሲስተሯ ዘበኛው የማይኖርበት ብላ የነገረችን ሳምንት ነው። እውነቱን ለመናገር ከፍርሃቱ ጋር አብሮ "ይኸው፣ አውቄ ነበር" የሚል ነገር መጣብኝ። ልጄ እየነደደች ትክክል በመሆኔ ደስ ያለኝ መሰለኝ። ያ ስሜት ዛሬም ያሳፍረኛል።

አዝያት ስወጣ አከራያችን ላም እያሰሩ ነበር። "ማል ታቴ?" አሉኝ፣ ምን ሆነች ማለታቸው ነው። ተኮሰች አልኩ። ገመዱን ጣሉ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ከኋላዬ ወጡ። አይምጡ ለማለት አቅም አልነበረኝም።

ታክሲው ሞልቷል፤ መስኮቶቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። ከፊታችን የተቀመጠ ሰውዬ ያስላል። ልጄ ማስክ አድርጋለች፣ እኔም በነጠላ ሸፍኛታለሁ። መስኮት ክፈቱልኝ የሚለውን እንደ ልማዴ በልቤ መደርደር ጀመርኩ። አከራያችን በእኔ ላይ ተንጠራርተው መስኮቱን ገፉት።

"ኧረ ብርድ ይመታናል፣ እማማ" አለ ሰውዬው።

"አንተን ቢመታህ ታስላለህ፤ ዛሬም እያሳልክ ነው" አሉት። "የማትችለው ይቺ ናት። ጃኬትህን ቆልፍ።"

ረዳቱ ሳቀ፤ ሰውዬው ጃኬቱን ቆለፈ። መስኮቱ እስከ አዲስ አበባ ክፍት ሆኖ ሄደ። እኔ በዚያ ሁሉ ንፋስ ውስጥ የማስበው ስለ ወተቱ ነበር፤ ለሲስተሯ እንዴት አድርጌ እንደምናገር። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉ በልቤ ዝግጁ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ አላስጠበቁንም። ደም ቀዱ፣ ግሉኮስ ሰቀሉ፣ መድኃኒቱን በደም ሥሯ ሰጧት። ልጄ ጸጥ ስትል ሲስተሯ ወረቀት ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሰሞኑን ምን በላች፣ ምን ጠጣች፣ ማን ነካት ብላ ጠየቀችኝ።

"ወተት አጠጥተዋታል" አልኩ። "ያልፈላ።" በአገጬ ወደ አከራያችን አመለከትኩ።

አከራያችን ቆመው ነበር። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ለሲስተሯ ሳይሆን ለእኔ ነው የመለሱት።

"ሁለት ጊዜ ነው የማፈላው" አሉ። "በአዲስ ድስት። መጥበሻውን ካየሁ በኋላ ባልሽ ቅዳሜ ሲመጣ ጠየቅሁት፤ የሲስተሯን ወረቀት አነበበልኝ። አትንገራት፣ ካወቀች አፏን አትከፍትም፣ ዝም ብላ ትደፋዋለች አልኩት። ወተት ሲፈላ ይሞታል ብዬሽ ነበር አይደል? ለእሷ ብዬ ገደልኩት።"

ሲስተሯ የፈላ ከሆነ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ጥሩ ነው አለች። ወረቀቷ ላይ ጻፈችና ወደ እኔ ዞረች። ምግቧን የሚያበላት ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ ብቻ ነኝ፣ ማንም አይነካባትም አልኩ፤ በዚህ እኮራ ነበር። አፏ እንዲህ ቆስሎ ሥጋውን እንዴት እንደምታኝከው ጠየቀች። መልስ ከመፈለጌ በፊት ልጄ ዓይኗን ሳትገልጥ መለሰች።

"እማ ታላምጥልኛለች።"

ሲስተሯ የታሰረውን ጉንጬን አየችው። ሻሹን ፍቺው አለችኝ፤ ፈታሁት። አፍሽን ክፈቺ አለች፤ ከፈትኩ። ክፍሉ ውስጥ ሌሎች እናቶች ነበሩ፣ አከራያችን ነበሩ። የጆግ ከንፈር ስመረምር፣ ክር ስቆጥር የከረምኩት ሴትዮ አፌን ከፍቼ በባትሪ ብርሃን ታየሁ። ድዴ መግል ይዞ ነበር።

"ለምን አልጠየቅሽኝም?" አለች ሲስተሯ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"አፈርኩ" አልኩ።

ከሰዓት ሐኪሙ መጣ። እሱን ግን ጠየቅሁት፤ ከእኔ ነው ወይ አልኩት። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል አለ። ብዙ ጊዜ ጀርሙ ከልጁ ከራሱ አፍና አንጀት ነው የሚነሳው፤ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ማላመጡን ግን ከዛሬ ጀምሮ ተይው አለኝ። እኔ የምፈልገው አንድ ጥፋተኛ ነበር፤ እሳቸውም ቢሆኑ፣ እኔም ብሆን። እሱ ማንንም አልሰጠኝም።

ላሞቹ የሚታለቡበት ሰዓት እየደረሰ ነበር። አከራያችን ነጠላቸውን አስተካክለው ልጄን ሳይነኩ ከላይ ሆነው አዩዋት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"ቁልፉን ስጪኝ። ልብሷን ነገ ላምጣላት።"

የጓጉንቸሩ ቁልፍ አንገቴ ላይ በክር ታስሮ ነበር። አወለቅሁ። እየሰጠኋቸውም እንኳ ጀሪካኑን ይከፍቱ ይሆን፣ ሳሙናውን ይነኩ ይሆን ብዬ አስቤያለሁ። ክሩን እጃቸው ላይ ጠቅልለው ሄዱ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ያልኩት "ቀዩ ክር ያለበት የፈላ ውሃ ነው" ነው።

"አውቃለሁ" አሉ ከበሩ። "ግቢው የእኔ ነው።"

ትኩሳቷ በአራተኛው ቀን ወረደ። እስከዚያ ድረስ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ አፌን በማስክ ሸፍኜ አየኋት፤ ስትጠራኝም ቶሎ አልጠጋም ነበር። ጥርሴን አስነቀልኩ። ሲስተሯ ሥጋውን ቀቅዬ እንዴት እንደምወቅጠው፣ እንቁላሉን በደንብ አብስዬ በአጥሚት ውስጥ እንዴት እንደማላመው አሳየችኝ። ቀላል ነገር ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃው ነበር።

ቤት ስንመለስ አከራያችን አንድ ሙቀጫ ከነዘነዘናው በሬ ላይ አስቀምጠዋል። "አፍልቼዋለሁ" አሉኝ። ሙቀጫ ሲፈላ አስቤው ሳቄ መጣ፤ እሳቸውም በዚያን ቀን ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ወተቱን የሚያፈሉት እኔ ቤት፣ እኔ ምድጃ ላይ ነው። እጃቸውን ሲታጠቡ ውሃ የማፈስላቸው እኔ ነኝ። ሳል ሲመጣባቸው ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ክንዳቸው ላይ ያስላሉ። እኔም አሁንም አያለሁ። መተው አልቻልኩም፤ ዓይኔ ራሱ ይሄዳል። እሳቸው ያውቁታል። "እዪ፣ እዪ" ይሉኛል፣ ድስቱ እስኪገነፍል እየጠበቁ። "ከሞተ ንገሪኝ።" ውሻው ደጁ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ የሚደርሰው ግን የለም።

ልጄ ከሆስፒታል ይዛ የተመለሰችው አንድ ነገር አለ። የተወቀጠውን ሥጋ በማንኪያ ይዤ ስቀርብ አፏን አትከፍትም።

"መጀመሪያ አንቺ ክፈቺ" ትለኛለች።

እከፍታለሁ። አገጬን በሁለት ጣቷ ይዛ በቀኝም በግራም ታያለች፤ ጥርሱ የተነቀለበትን ቦታ በደንብ ታያለች። የሚላመጥ ነገር እንደሌለ ስታረጋግጥ ወደ አከራያችን ትዞራለች።

"እማማስ?"

እሳቸውም ድስቱን ትተው ጎንበስ ብለው ይከፍቱላታል።